ለ እምቢ ያለችበት ማመልከቻ

ጥላዬና ወይንሸት ተስማምተው ለመፋታት ወሰኑ። ገመናችንን ጠበቃ ለምን ይስማው ብለው፣ እሑድ ጠዋት ማመልከቻውን በቤታቸው ላፕቶፕ ሊጽፉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የ«ለ» ቁልፍ ከተሰበረ ስለቆየ፣ ጥላዬ የአንዱን ቁልፍ ሥራ ለሌላው የሚያዛውር ፕሮግራም ጫነበት።

ወይንሸት እየነገረችው ጻፈ። የእናቱን ጣልቃ ገብነት፣ የእሷን ኩርፊያ፣ የእሱን ማምሸት፣ አንዱንም አላስቀሩ። ገጹ ሊሞላ ሲል የላፕቶፑ ስክሪን ሰማያዊ ሆነና ድርግም አለ። የጻፉት ሁሉ ጠፋ።

እንደገና ጀመሩ።

«እናትህንስ ተዋቸው» አለች ወይንሸት፣ «አሁን አሟቸዋል።»

ላፕቶፑ ዳግመኛ ጠፋ። በሦስተኛው ጥላዬ ኩርፊያዋን ዘለለው።

«እሱን ረሳኸው» አለችው።

«የማስኮርፍሽ እኔው ነበርኩ» አለና ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ መጻፉን ቀጠለ።

አሁንም ድርግም። ጥላዬ ተስፋ ቆርጦ ለኮምፒውተር ጠጋኝ ደወለ። እስኪመጣ ድረስ እየሞከሩ፣ እየጠፋባቸው፣ በመጨረሻ ለፍቺው የቀረው ምክንያት የጥላዬ ማንኮራፋት ብቻ ሆነ። ወይንሸት ሳቋ አመለጣት። እሱም ተከተላት።

ጠጋኙ መጥቶ ላፕቶፑን አገላብጦ አየው።

«የሚያጠፋው የጫናችሁት ፕሮግራም ነው። ላንሳላችሁ?»

ጥላዬ ሚስቱን አያት።

«ተወው» አለች ወይንሸት። «የምንጽፈው ነገር የለንም።»

«ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ?»

ጥላዬ ወንበር ሳበለት።

«ምሳ ልንጋብዝህ» አለው።