የመንግሥት ቀበሮ

«እንዳይነኩት!» ብላ ጮኸች ሰብሪያ፣ ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለች። «አያ አሳምነው፣ ገመዱን ያስቀምጡ! መያዝ ክልክል ነው!»

አሳምነው ገመዱን እንደ እባብ ወርውሮ ከጉድጓዱ አፍ ሸሸ። ጉድጓዱ የራሱ ነው። ለአዲስ ሽንት ቤት ብሎ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ድንጋይ እየፈነቀለ የቆፈረው። ውስጡ ያለው ግን የእሱ አይደለም። ደንቆሮ ከሚባለው ጫካ የወረደ ቀይ ቀበሮ ገብቶበት፣ ግድግዳውን እየቧጠጠ ሽቅብ ያየዋል።

ሰብሪያ ጫካው ያለበት ፓርክ ስካውት፣ የአውሬ ጠባቂ ናት፤ ሥራ ከያዘች መንፈቅ አልሞላትም። የጎረቤቱ የሼህ አብዱልጀሊል ልጅ ስለሆነች አሳምነው ጡት ስትጥል ያውቃታል። ዛሬ ግን በዚያ አረንጓዴ ዩኒፎርም ሲያያት ፈራት።

«ልይዘው አልነበረም፣ ልጄ። ላወጣው ነበር።»

«ሳይዙት እንዴት ያወጡታል? መያዝ፣ ማሳደድ፣ መረበሽ፣ መጉዳት፣ ሁሉም ያስቀጣል። ዘሩ ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።»

«እሺ፣ አልነካም። እዚያው ከሞተሳ?»

ሰብሪያ ጉድጓዱን አየች። «በእርስዎ ጉድጓድ ውስጥ ከሞተማ... እሱም ያስጠይቃል።»

አሳምነው ቁጢጥ አለ። «አያቴ በንጉሡ ጊዜ ነብር ገደሉ፤ ተፎከረላቸው፣ ቆዳውን ለብሰው ግብር ገቡ። አባቴ በደርግ ጊዜ ድኩላ ገደሉ፤ የሰፊውን ሕዝብ ሀብት አጠፋህ ተብለው ታሰሩ። እኔ ምንም አልገደልኩም። ሽንት ቤት ቆፈርኩ። እኔን ደግሞ ምን ብለው ሊያስሩኝ ነው?»

«ቆፍሩ እያሉ መድረሻ ያሳጡንም እነሱ ናቸው» አለች ሚስቱ በዛች፣ ከበሩ ላይ ሆና።

በመቅደላ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አጉረመረመ። ሐምሌ ነው። ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ይህን ጉድጓድ ለመሙላት ብዙ እንደማይፈጅበት ሦስቱም ያውቃሉ።

ሰብሪያ ኔትወርክ የሚገኝበት የድንጋይ ካብ ላይ ወጥታ መካነ ሰላም ላለው አለቃዋ ደወለች። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሰብሪያ፣ በደንብ ስሚኝ» አለ አለቃዋ ነገሩን ከነገረችው በኋላ። «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዛሬ አንደርስም። እናንተ ግን እኛ እስክንመጣ አት...»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ መላልሳ ብትደውል የምትሰማው ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል በትሕትና የምትናገረዋን ሴትዮ ብቻ ሆነ።

«አትንኩት ሊል ነው» አለች ሰብሪያ።

«አትተዉት ሊልስ ቢሆን?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሼህ አብዱልጀሊል ናቸው፤ የልጃቸውን ጩኸት ሰምተው መጥተዋል።

«አባዬ፣ ሕግ እንዲህ በግምት አይተረጎምም!»

«እኔማ መቼ ተረጎምኩ? "አት" ብሎ ሄደ። የቀረውን አሏህ ያውቃል።»

«አትፍሩም ሊሆን ይችላል» አለ አሳምነው፣ ተስፋ አድርጎ።

ሼሁ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰብሪ፣ ሕግሽ ቀበሮውን አትንኩ ይላል። አፈሩንስ?»

«አፈሩን... አይልም።»

«እንግዲያ አንዱን ጎን ንደን መውጫ እናብጅለት። በገዛ እግሩ ይውጣ። ማን ያዘው? ማን አሳደደው?»

አሳምነው ደነገጠ። «ሼህ፣ መሬቱም እኮ የመንግሥት ነው!»

«ይሁና! የመንግሥት ቀበሮ የመንግሥት መሬት ውስጥ ወደቀ። የእኛ ሥራ መሐል ገብቶ ማስታረቅ ነው።»

በዛች በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። አሳምነው ግን አልሳቀም። የሚናደው እሱ ቀጥ አድርጎ የቆፈረው፣ ጎረቤት መጥቶ ያደነቀው ግድግዳ ነው። ወደ ውስጥ አየ። ቀበሮው መቧጠጡን ትቷል። ረጃጅም እግሮቹ ጭቃ ውስጥ ሰጥመው፣ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ጥሎ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ጠብታዎች ጀርባው ላይ ሲያርፉ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰብሪያም አየችው። የዩኒፎርሙን ጃኬት አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ለበዛች ሰጠቻት።

«የመንግሥት ነው፤ እንዳይቆሽሽ» አለችና ዶማውን አነሣች።

አሳምነው ስትቆፍር ጥቂት አያት። «እንዲያ አይደለም፣ ልጄ» ብሎ ዶማውን ተቀበላትና የገዛ ግድግዳውን መናድ ጀመረ። በዛች አፈሩን በአካፋ ዛቀች። ሼሁ ድንጋዩን እየለቀሙ፣ ቀበሮው ጥርሱን ባሳያቸው ቁጥር «አብሽር፣ አብሽር» ይሉታል። ዶፉ ሲወርድ ጉድጓዱ ጉድጓድነቱ ቀርቶ በአንድ ጎኑ ተዳፋት ሆኖ ነበር።

«አሁን ሁላችሁም ዞር በሉ!» አለች ሰብሪያ። «ማየትም መረበሽ ነው!»

አራቱም ከቤቱ ጀርባ ተደብቀው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ማየት ቀጠሉ። ከሁሉም ይልቅ አንገቷን ያሰገገችው ሰብሪያ ነበረች።

ቀበሮው መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በጆሮው፣ ከዚያም በሙሉ ቁመቱ ብቅ አለ። ጭቃውን አራገፈ። ዞሮም ሳያይ በቀጥታ ወደ አሳምነው የገብስ ማሳ ገባ።

«ገብሴን!» ብሎ አሳምነው ጓል አነሣ።

ሰብሪያ ጉሮሮዋን ጠረገች። አሳምነው ጓሉን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ቀበሮው ማሳው መሐል ቆመ። ጆሮውን ቀሰረ፣ አደባ፣ ዘለለ፤ አንገቱ ድረስ አፈር ውስጥ ገባ። ቀና ሲል በአፉ አንድ ድብልብል ፍልፈል አንጠልጥሎ ነበር። አሳምነው አፉን ከፍቶ ቀረ። ፍልፈሉን፣ ገብሱን ከሥር እየጎተተ የሚፈጀውን ይህን ቀማኛ፣ በወጥመድም በጭስም ሞክሮት ሞክሮት አቅቶት ነበር።

ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ትከሻው ላይ ይንጠባጠባል። አሳምነው ግን አልተነቃነቀም። ቀበሮውን እንዳይረብሸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአገጩ ወደ ማሳው ጥግ እያመለከተ፣

«በዚያ በካቡ በኩልም ሌላ አለ» አለው።