ሠላሳ አራት ገጽ

«በቃ ቅናት ነው! የኔ ታሪክ ሲያልፍ ማየት አልፈለግክም!»

ሙሉካ ለሚ ላይ ጮኸችበት... ሮቤ መሃል፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ለሚ አብሮ አደጓ ነው። ፊልም ላይ ሠርቷል። ለፊልም ጽሑፍ ውድድር የምታስገባውን ረቂቅ አንብብልኝ ብላ የሰጠችውም ራሷ ናት።

«ሙሉካ፣ ታሪኩ ወላሂ ያስለቅሳል። ግን የፊልም ጽሑፍ እንዲህ ታጭቆ አይላክም። ቦታውና ሰዓቱ ከላይ ለብቻው... የተናጋሪው ስም ለብቻው... ንግግሩ ከሥሩ። አንዱን ገጽ አንድ ደቂቃ ብለው ነው የሚያስቡት።»

«ሰው የሚያነበው ታሪክ ነው ወይስ ባዶ ቦታ?»

እዚያ ጽሑፍ ቤት የሚሠሩት ኦቦ ዳቢሴ ከውስጥ ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው። ወረቀት እንዳይበዛባት ብለው፣ እንደ ማመልከቻ ጠቅጥቀው በሠላሳ አራት ገጽ የጨረሱላት እሳቸው ናቸው።

ለሚ እጁን ኪሱ ከተተ... ተወውና ሄደ።

የውድድሩ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን ነበር። ላከችው።

እሷ ዝና ፈልጋ እንዳይመስላችሁ። ታሪኩ የአባቷ ነው፤ ሪራ ጫካ ውስጥ ማር ሲቆርጡ የኖሩት የኦቦ ባዳሳ። ዓይናቸው በየወሩ እየደከመ ነው። ያሸነፈው ጽሑፍ ፊልም ይሆናል ተብሏል።

ሳይጨልምባቸው እንዲያዩት... ጭንቀቷ ይኸው ነበር።

መልስ መጣ።

«ውድድሩ ለሙሉ ፊልም ነው። የእርስዎ ሠላሳ አራት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አልተነበበም።»

አልተነበበም! አንድ መስመር እንኳ!

እያለቀሰች ለሚ ቤት ሄደች።

«አውፍ በለኝ... ይቅር በለኝ...»

ለሚ ከመሳቢያው ፍላሽ አወጣ።

ውስጡ የሷ ጽሑፍ... በሥርዓቱ ተስተካክሎ... መቶ አራት ገጽ!

«መቼ ሠራኸው?»

«ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። ልሰጥሽ ነው የመጣሁት። ሰው ፊት ቀናተኛ ስትዪኝ... እልህ ያዘኝ።»

በዓመቱ ያንኑ ፍላሽ ላከች። አሸነፈች። ፊልሙም ተሠራ።

ጎባ ላይ ሲታይ ኦቦ ባዳሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ጫካው ይታያል?»

«ይታያል አባባ።»

«እስቲ ንገሪኝ... ምን ይመስላል?»

ወገኖቼ፣ ሥርዓት ሲሏችሁ አትናቁት። የማያውቃችሁ ሰው እንዲያነባችሁ የሚያደርገው እሱ ነው። ያረማችሁን ሁሉ ቀናተኛ አትበሉ። ያወቃችሁትንም በእልህ ኪሳችሁ ውስጥ አታስቀሩ።

እኔ እንጃ... ያ የባከነ ዓመት ሲታወሰኝ ለሚን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እናንተስ? በማን ትፈርዳላችሁ... በሙሉካ ወይስ በለሚ?