ለወገብ የሚመች ወንበር

ጡረተኛው ሹፌር የገጠሩን የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያየው ሚስቱ ካረፈች በኋላ ነው። "እስቲ ውሰደኝ" ስትለው፣ "በእረፍቴም መሪ ልጨብጥ እንዴ?" እያለ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ልጁ ጎትታ አመጣችው።

አሮጊቷ ባለሱቅ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። "ቁርጥ እናትሽን! በአውቶቡስ ብቻዋን ትመጣ ነበር። ይህን ባለመደገፊያ ወንበር ወደደችው፤ ውሰጂው ብላት፣ 'የባለቤቴን ወገብ ያመዋል፤ እሱ ተቀምጦ ካልሞከረው አልወስድም፤ እስኪመጣ አቆዪልኝ' አለችኝ።" ወደ እሱ ዞረች። "እርስዎ ነዎት? እሷስ ደህና ናት?"

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መደገፊያው ወገቡን በልኩ የተሠራ ያህል ደግፎ ያዘው።

"ተመቸህ አባዬ?" አለችው ልጁ፣ እንባዋን እየዋጠች።

ሹፌሩ የወንበሩን ክንድ በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰ። ከዚያ አሮጊቷን ቀና ብሎ አያት።

"እትዬ" አለ፣ "እሷ ስትመጣ፣ 'ተመችቶታል' ይበሏት።"