የታሸገው እሹሩሩ

ተመራማሪ ያንኑ ፕሮፖዛል ሁለት ቦታ እንዳያስገባ ተብሎ፣ መልስ እስኪመጣ ሐሳቡ ከጭንቅላቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲው ምርምር ጽሕፈት ቤት ይታሸጋል። ዶክተር ወይንሸት ለጥናት ያስገባችው ልጇን የምታስተኛበትን የእናቷን እሹሩሩ ነበር። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ፣ ልጇ ስታለቅስ አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣ ነገር የለም።

ዛሬም የምታለቅሰውን ልጇን አዝላ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ ቆመች።

«አቶ ደምሰው፣ እውነት እሽጉ አልተከፈተም?»

«ኧረ ዶክተር! ማን ደፍሮ?» አሉ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም። ሳምንት ብቅ ይበሉ።»

አላመነቻቸውም። ግን በምን ታስረዳለች?

ሰውዬው ፋይል እያገላበጡ ለራሳቸው ያንጎራጉሩ ጀመር። ዜማው ለእሷ እንግዳ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ግን ለቅሶዋን ድንገት አቆመችና እንቅልፍ ወሰዳት።