በክሩ ጫፍ

ሰልዋ ኮልፌ ባለው ግቢያቸው፣ እንዲደርቁ ትይዩ በተሰጡ ሁለት አንሶላዎች መካከል የእናቷን የስፌት ክር ወጠረች። አንሶላዎቹ በነፋሱ እንደተኛ ሰው ቀስ ብለው ይተነፍሱ ነበር። ባሕር ማዶ ሄዳ ልትማረው የጓጓችለት ፊዚክስ እንግዲህ ዓለምን እንዲህ በአንሶላ መሰል ገጾች መካከል ከተወጠሩ ረቂቅ ክሮች እንደተሠራ የሚያስብ ነው፤ እናቷ ግን «ሂጂ» ማለት አቅቷታል።

«አየሽ እማ፣ በፊዚክሱ አንሶላዎቹ በተራራቁ ቁጥር ክሩ ይከብዳል። ሲነባበሩ ክብደቱ ድራሹ ይጠፋል።»

«ታዲያ አንቺስ አርፈሽ አጠገቤ አትቀመጪም?»

ሰልዋ ክሩን ከአንሶላዎቹ ፈታች። እናቷ የክሩን ጫፍ አስያዘቻትና ማጠንጠኛውን ይዛ፣ ክሩን እየለቀቀች፣ የኋሊት እስከ ግቢው በር ራቀች። ክሩ በመካከላቸው ተወጥሮ በፀሐይዋ አበራ።

«ከበደሽ?»

«ከበደኝ፣ እማ።»

«እኔንም። ከከበደን አልተበጠሰም ማለት ነው። ሂጂ፣ የኔ ልጅ።»