ይቅርብሽ

ሔራን ቀለበት ካሰረች በሦስተኛው ሳምንት ከማታውቀው ቁጥር መልእክት ደረሳት። «ይህ ሠርግ ይቅርብሽ። ካልሆነ ታለቅሻለሽ።»

ላኪውን ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው አብሮ አደጓ ዘመድኩን ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮ፣ አባቷ አቶ ባልቻ «ልጄን አልሰጥም» ብለው መልሰውበታል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኛት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

መልእክቱ ቀጠለ። ቬሎ የምትለካበትን ቀን ያውቃል፤ ሊከራዩ ያዩትን ቤት ያውቃል። መልሳ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ፋታ ይሰጣታል፤ ሰኞ እንደገና ይጀምራል።

ያንገበገባት ፍርሃቱ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ወንድም ያመነችው ሰው እንዲህ መክፋቱ ነው።

እጮኛዋ ነብዩ ወልቂጤ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበበና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«በኔ የተነሳ እንዳትጎጂ» አላት። «ይቅር ካልሽ አልቀየምሽም። ብቻ ለአባትሽ ራስሽ ንገሪያቸው።»

«እሱን ፈርቼ አንተን ልተው?» አለች እያለቀሰች። የዚያን ዕለት ይበልጥ ወደደችው።

ሰኞ «ሠርጉን አትደርሺበትም» የሚል መጣ። ወንድሟ ምስጋና ይህን ሲያነብ ማንም አላስቆመውም። ሱቁ ድረስ ሄዶ ዘመድኩንን ግንባሩን ፈነከተው።

በማግስቱ በማለዳ ሔራን፣ ምስጋናና ዘመድኩን ፖሊስ ጣቢያ ተገኙ። ዘመድኩን ግንባሩ በፋሻ ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ስልኮቹ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ሔራን፣ አባትሽ ሲመልሱኝ ከፍቶኛል» አላት። «ቀንቻለሁም፤ አልዋሽም። ይህን ግን እኔ አላደረግኩም።»

«አንተ ካልሆንክ ማን ነው እንዲህ የሚጠላኝ?»



ያኔ የሔራን ስልክ ጮኸ። አየችውና ቀና ብላ ዘመድኩንን ተመለከተች፤ ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

«ዛሬውኑ ካልተውሽው ትጸጸቻለሽ» ይላል። ቁጥሩ ያው ነው።

መርማሪዋ ሳጅን ዓለምዘውድ ስልኩን ተቀብላ ወዲያው ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራ። ሦስቴ ከጠራ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

«ሄሎ፣ ነብዩ እየታጠበ ነው፤ ባለቤቱ ነኝ። ማን ልበል?»