ለዐብላ መስኮት የተገዛ ጥድ

ገላነሽ ዶማዋን ባነሳች ቁጥር ቀና እያለች የጎረቤቷን መስኮት ታያለች። ጉድጓዱ ከመስኮቱ ትይዩ ካልሆነ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጎረቤቷ ዐብላ የጀጎል ግንብ ልጅ ናት፤ የአለላ ስፌት ሰፊ። ከኤረር በር ሰፈሯ ወጥታ እዚህ ከሰፈረች ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን እንደ አንድ ቤት አሳድገዋል። አሁን ዓይኗ ስለደከመ፣ ለስፌቷ ብርሃን እንዲገባላት ብላ ፎቋ ላይ ሰፊ መስኮት አስወጣች። መስኮቱ የገላነሽን ግቢ ቁልቁል ያያል። ግቢው ውስጥ ደግሞ የገላነሽ ልጅ ሚልኪያስ አለ።

ልጁ ውጤት አልመጣለት ብሎ ከዩኒቨርሲቲ ተሰናብቶ ከመጣ ወዲህ፣ ገላነሽ ለጠየቃት ሁሉ "ትምህርት ላይ ነው" ነው የምትለው። መስኮቱ ከተገጠመ ጀምሮ ፀሐይ እንኳ እንዲሞቅ አትፈቅድለትም። ወሬው ከዐብላ ቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ቁጭ ባለች ቁጥር ይታያታል።

ችግኝ ሻጩ የሐበሻና የፈረንጅ ጥድ አቅርቦ "ለምን ፈልገውት ነው እናቴ?" ቢላት "ለውበት" አለችና ቶሎ የሚያድገውን፣ ጥቅጥቅ የሚለውን የፈረንጁን መረጠች። ባጃጅ ውስጥ አቅፋው ስትመጣም፣ ሥሩ አጥሩን ቢሰነጥቀውስ፣ ነፋስ ጣሪያዬ ላይ ቢጥለውስ ስትል ነበር። ችግኙ ከጉልበቷ አያልፍም።

"ገሌ! ምን ልትቀብሪ ነው?" ዐብላ ከላይ ጮኸች።

"ጥድ ነው! ለውበት!"

"ማሻአላህ! ቆይ መጣሁ፣ ደረቅ መሬት ላይ እንዳትተክዪው!"

ገላነሽ ወደ ቤቱ ዞራ "በሩን ዝጋ፣ እንዳትወጣ" ስትል አንሾካሾከች።

ዐብላ ግማሽ ጀሪካን ውኃ አንጠልጥላ ገባች። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ከራሷ ሮቶ ቀድታ ነው። ጉድጓዱን አየች። ቀና ብላ መስኮቷን አየች። ተመልሳ ጉድጓዱን አየች።

"እዚሁ ነው የሚተከለው?"

"እዚህ... ፀሐይ ያገኛል ብዬ።"

"ኧረ ወገብሽን! ልጅ አይቆፍርልሽም?"

"ሚልኪያስ እንደሆነ ትምህርት ላይ ነው። ታውቂ የለ።"

ከበሩ ጀርባ ሳል ተሰማ። ዐብላ ዞር አላለችም። ጀሪካኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

"አላህ ይርዳው" አለች። ልትሄድ ስትል ግን፣ "መስኮቴን ብርድ ልብስ ልሰቅልበት ነው፣ ገሌ። ይሄ ጥድሽ እስኪደርስ ወላሂ እኔም አልኖር። ልጁ እስከዚያ ፀሐይ ሳይሞቅ አይክረም።"

አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ይሻል ነበር።

ገላነሽ ፊቷ እንደ ጋለ ዶማዋን ተደግፋ ቀረች። ከላይ መዶሻ ተሰማ። ያ ሰፊ መስኮት በግራጫ ብርድ ልብስ ተሸፈነ። የተመኘችው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን የሚታያት ዐብላ ጨለማ ውስጥ ወስፌዋን በዳበሳ ስትፈልግ ነው።

"ሚልኪያስ!" ድምጿ ለራሷም አስደነገጣት። "ና ውጣ!"

ልጁ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ወጣ። እንደ ልማዱ መስኮቱን ሰረቅ አድርጎ አየ።

"ይሄን ድፈነው። እዚያ የግቢው በር አጠገብ ሌላ ቆፍር።"

ቆፍሮ ሲጨርስ ችግኙን አቁሞ ያዘው። ገላነሽ ጀሪካኑን አነሳች። ቀና ማለት አልሆነላትም፤ አፈሩን እያየች ተጣራች።

"ዐብላ! ብርድ ልብሱን አንሺውና ቀጥ ማለቱን እይልን! እኛ ከታች አይታወቀንም!"

ከላይ ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ ተሰማ። ከዚያ የሚልኪያስ ፊት ወደ ላይ ቀና አለ።

"ወደ ግራ፣ ሚልኬ! ኧረ በዛ፣ መለስ!"

እጁ ችግኙን ትንሽ አዘነበለ፤ ትንሽ መለሰ፤ ቆመ። ገላነሽ አንገቷን እንደደፋች የዐብላን ውኃ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት።